ሁለት ሚሊሜትር

ኤምደን ላይ፣ ባሕሩ በግንብ ታጥሮ ከሚያድርበት፣
ነፋስ የሰው ቆብ ነጥቆ ከሚሮጥበት፣
ቴዳ ታያርክስ ከምድጃ አውጥታ ለብ ያለውን ጭቃ
ትለጥፋለች ገና የበር ጠባቂው ሳይነቃ።

ይህ ጭቃ እርሻ አያውቅም፤ ግማሽ ጎኑ ሰም ነው፤
ሲሞቅ እሺ ይላል፤ ሲበርድ በመዶሻም አታሸንፈው።

በወረቀት ላይ ቫኗ ገና ሐሳብ ናት፤
ከፊት ሞተር የላት፣ ከኋላ ጭስ የላት፤
ባትሪው እንደ ፍራሽ ከወለል ሥር ተኝቶ፣
ሰባት ሰው ከነጓዙ በላዩ ተንሰራፍቶ።

ቴዳ ግን ከኋላው ጎማ በላይ፣ ከመስኮቱ በታች
ዐይን የማይዛት ትንሽ እብጠት ጨመረች።
ለማንም አልተናገረችም ከወዴት እንዳመጣችው፤
የአባቷ የዓሣ ቫን ናት፣ ልጅ ሳለች የተደገፈችው፤
በበረዶ ወራት ጉንጯን ስታስጠጋ ሞተሩ ከውስጥ ያሞቀው።

ከዚያ ኤግዚቢሽን መጣ። መብራት፣ ጭብጨባ፣ ሻምፓኝ።
በሯ እንደ መጽሐፍ ሲገለጥ ሕዝቡ “አቤት!” አለ።
መሪዋ ታጥፎ ይገባል፤ ወለሏ የኦክ እንጨት ነው፤
አንድ ጋዜጠኛ አጎንብሶ አሸተተና
“የአዲስ ቤት ሽታ አላት” ብሎ ጻፈ።
ትሄዳለች ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።
(አትሄድም ነበር። ሌሊት ስምንት ሰው ገፍቶ ነው ያስገባት።)

ከጭብጨባው ማግስት መሐንዲሶች መጡ፤
አንዱን ሲያስገቡ ሌላውን አወጡ።
“በጎን ብትገጭ” አለ ሂንሪኩስ፣ “ምሰሶ የሌለው ቤት ናት።”
ምሰሶ ገባ። እንደ መጽሐፍ የሚገለጠው በር ቀረ።
እንጨቱ ወጣ፣ ላስቲክ ገባ።
የሒሳብ ሹሟ ኢምከ ብዕሯን ነክሳ
ከየብሎኑ ሳንቲም ትለቅማለች፤
“በመቶ ሺህ ሲባዛ” ትላለች፣ “ሳንቲም የሚባል ነገር የለም።”

በሁለተኛው ዓመት፣ በስዊድን ሰሜን፣
ሐይቁ መንገድ በሆነበት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣
የባትሪውን ግማሽ ጉልበት ብርድ በላው።
ሹፌሩ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ በጓንት ላይ ጓንት ደርቦ
የቀረውን መቶኛ እንደ ጸሎት ይቆጥራል፦
ሰባት።
አምስት።
ሦስት።
ማታ በትራክተር ተጎትታ ገባች።

በአራተኛው ዓመት ተራው የቴዳ ሆነ።
የብረት ማተሚያው አለቃ ኦኮ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣
“ላሜራው እዚህ ጋ ይቀደዳል” አለ፤ “ይህችን እብጠት ጣያት።”
“ስንት ናት?”
“ስድስት ሚሊሜትር።”
“አራት ልስጥህ።”
“በሚሰማው ጆሮዬ ንገሪኝ።”
“አራት!”
ሳቀ፤ አይሆንም አለ።
እንደ ገበያተኛ ተከራከሩ፤ እንደ ጎረቤት ሻይ ጠጡ፣
ድፍን ስኳሩ በስኒው ሥር ሲሰነጠቅ እያዳመጡ።
በሁለት ተስማሙ። የአንዲት ሳንቲም ውፍረት።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ቆም ብሎ አላሰበም፤
በየዘጠና ሰከንዱ አንዲት፣ ሌትም ቀንም።
ጭቃውስ? ጭቃውን ፋቁት። ወደ ምድጃ ተመለሰ፣
ሌላ መኪና ሊሆን እየለሰለሰ።
ሰሙ ቀለጠ።
ወርቁን ብረት ዋጠው፤ ፈልጎ የሚያገኘው ከተገኘ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣
ቴዳ በብስክሌት ቀዩን መብራት ስትጠብቅ
ቢጫ ቫን አጠገቧ ቆመች። ኮቴ የላት፣ ሳል የላት።
ቴዳ ጓንቷን በጥርሷ አወለቀች፤
ከኋላው ጎማ በላይ፣ ከመስኮቱ በታች
መዳፏን አሳረፈች።

አለች። ሁለቷ ሚሊሜትር አለች።
ብረቱ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ውስጡ የሚነድ የለማ።

በመስታወቱ ውስጥ አንድ ሕፃን ብስኩት እያኘከ
ቀስ ብሎ የራሱን መዳፍ ከውስጥ ለጠፈ።
አረንጓዴ በራ።
ቫኗ ከእጇ ሥር እንደ ዓሣ ተንሸራታ ሄደች፤
ቴዳ እርጥብ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።